ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ማን ይለካል?

(በእንጦጦ በተደረገው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ትምህርት ጥራት ትንሽ ተናገር፤ ግን አታርዝም» ብለውኛል። የእንጦጦ ብርድ ራሱ አያስረዝምምና አትስጉ።

የመረጥኩት ርዕስ ብዙዎቻችን ዕድሜያችንን የጨረስንበት ነው። በውጭ ዕርዳታ የተደገፉት የመምህራን ልማትና የሥርዓተ ትምህርት ማሻሻያ ፕሮግራሞች ምን አተረፉልን? ማትረፍ አለማትረፋቸውንስ በምን እናውቃለን? እዚህ ከተሰበሰብነው ውስጥ በአንዱ ፕሮጀክት ያልሠለጠነ፣ ወይም ያላሠለጠነ፣ ወይም መጠይቅ ታቅፎ ወረዳ ለወረዳ ያልዞረ ያለ አይመስለኝም። እኔ ሦስቱንም አድርጌአለሁ።

ጥያቄውን ዛሬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ የምንለው፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራውን አቁሟል። ሌሎች ለጋሾችም እጃቸውን እየሰበሰቡ ነው። ስለ ገንዘቡ መሄድ ብዙ ተብሏል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ሲሄድ ግምገማውም አብሮ ይሄዳል። ለምን ቢባል፣ ግምገማው ከመጀመሪያው የፕሮጀክቱ ንብረት እንጂ የእኛ አልነበረም።

ነገሩ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ሲመጡ ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች አስተማሩ። በዚያው ዘመን ስዊድን በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ሕንጻዎች እንዲሠሩ ረዳች። በእነዚያ ክፍሎች የተማሩ፣ ፈረንጅ መምህራቸውን በስም የሚያስታውሱ ታላላቆቻችን እዚሁ ተቀምጠዋል። ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ቀጥሎ ግን ትልቅ ትምህርት የሚሆነን ነገር መጣ። በ1964 ዓ.ም. በዓለም ባንክና በሌሎች ድጋፍ፣ የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች ተሰባስበው መላውን የትምህርት ዘርፍ ገመገሙ። «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው ማለቴ ነው። በውስጡ የሚረባ ሐሳብ አልጠፋም፤ የገጠሩን ሕፃን ከት/ቤት ማድረስ አንዱ ነበር። ነገር ግን ክፍል ውስጥ የሚቆመው መምህርና ልጁን የሚልከው ወላጅ አልመከሩበትም። ምክረ ሐሳቡ ይፋ ሲሆን መምህራኑ የሰሙት «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም» እንደሚል ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መቱ። መንግሥት ጥናቱን አነሳ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጥናቱ ባለሙያነት አላዳነውም። ባለቤት አልነበረውማ!

በተቃራኒው ከ1975 እስከ 1978 ዓ.ም. የተካሄደውን ግምገማ አስታውሱ፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ኢርጌሴ» የሚባለውን። በትምህርት ሚኒስቴር የተመራ፣ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተሳተፉበት የአገር ልጆች ሥራ ነበር። ትምህርቱ በስፋት ቢያድግም ጥራቱ እየላላ መሆኑን፣ የክፍል መጨናነቅንና የመሣሪያ እጥረትን በግልጽ አሳየ። ራሳችንን በራሳችን መመርመር እንደምንችል ለሚጠራጠር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ያለው ደግሞ የምናውቀው ነው። በዩኤስኤአይዲ የተደገፈው ቤሶ መጣ። በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱን ከሥር የሚለውጠው ቴሶ መጣ። የቪ ኤስ ኦ በጎ ፈቃደኞች የደገፉት፣ ለመምህራን አሠልጣኞች የተዘጋጀው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ኤች ዲ ፒ፣ መጣ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች በአንድ ቋት ያዋጡለት፣ «ጌኪፕ» የምንለው አጠቃላይ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም መጣ። መጽሐፍ ታተመ፤ ለየት/ቤቱ ድጎማ በጀት ተላከ፤ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ በየጉድኝት ማዕከሉ ተዘረጋ።

እንግዲህ እነዚህ እንዴት ተገመገሙ?

ዶናልድ ከርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠናን ለመመዘን አራት ደረጃ አስቀምጧል። ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረበት ወይ? ሥራው ላይ አዋለው ወይ? በመጨረሻም ሥራው ፍሬ አፈራ ወይ? እዚህ ያለን ሰዎች የመጀመሪያውን ደረጃ በደንብ እናውቀዋለን። ዓርብ ከሰዓት፣ አበል ከመከፈሉ በፊት የምትታደለው ቅጽ ናት፤ ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ላይ አክብቦ ይመልሳታል። ሁለተኛው አልፎ አልፎ ይለካል። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። መምህሩ አዲሱን ዘዴ ለምዶት፣ ልጆቹ ተምረውበት፣ ውጤቱ እስኪታይ ሦስትም አምስትም ዓመት ይፈጃል። የፕሮጀክቱ የመጨረሻ ሪፖርት ግን ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መድረስ አለበት። ስለዚህ ሪፖርቱ መቁጠር የሚችለውን ይቆጥራል፤ ይህን ያህል መምህር ሠለጠነ፣ ይህን ያህል መጽሐፍ ተሠራጨ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ጥያቄው ነው ሌላ የነበረው።

ከዚህ ኮረብታ ሥር ካሉት ት/ቤቶች በአንዱ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም። ርዕሰ መምህሯ ቁምሳጥን ከፍታ የመምህራኑን የተሙማ ፖርትፎሊዮ አሳየችኝ። በሥርዓት ተጠርዟል፤ ዕቅዱ፣ የአቻ ምልከታው፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ አንድም አልጎደለም። ከዚያ ክፍል ገባሁ። ከ60 በላይ ልጆች አራት አራት ሆነው ከወለል ጋር በታሰረ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። መምህሩን «አሳታፊ ዘዴ ሠልጥነሃል?» አልኩት። «አራት ጊዜ» አለኝ። «ታዲያ?» ስለው እየሳቀ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ዴስኩ ይሠልጥን!» አለኝ። ከመጠይቅ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ መልስ ነው። ሥልጠናው ጥሩ ነበር፤ መምህሩም ገብቶታል። የተሰበረው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ፖርትፎሊዮው ሊያሳይ አይችልም።

ጥሩ ግምገማ ምን እንደሚመስልም አይተናል። በ2002 ዓ.ም. በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ በበርካታ ክልሎች የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተደረገ። መዛኙ ከልጁ ፊት ተቀምጦ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጥቶ «እስቲ አንብብልኝ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከተመዘኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያ ቁጥር አንገት ያስደፋ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ አስነሳ። ቀጥሎ የመጣው የንባብ ፕሮግራም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዲስ የቋንቋ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት ያዘጋጀው ከዚህ ተነስቶ ነው። ዕርዳታ በደህና ጊዜው ይህን ያደርጋል፤ እኛ ልንጠይቀው የሚገባንን ጥያቄ ይጠይቅልናል።

አሁን ወደ 12ኛ ክፍል ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 ከመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደረሰ። በየቡና ቤቱ «ይኸው የዕርዳታው ውጤት!» ሲባል እሰማለሁ። እንደ ሙያ ሰው ግን እንዲህ ማለት አንችልም። በእነዚሁ ዓመታት ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀምሯል፤ ስለዚህ ከድሮው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። በሌላ በኩል ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ተማሪ የሆኑ ሚሊዮኖች ክፍል ገብተዋል። ድሮ ደጁን ያላየው ልጅ ዛሬ ተፈታኝ ነው። ፕሮግራሙ ባይኖር ኖሮስ ምን ይሆን ነበር? ይህን ሳይጠይቁ «አተረፈ» ማለትም «ከሰረ» ማለትም አንድ ነው፤ ሁለቱም ግምት ነው።

ከጎረቤትም የምንማረው አለ። በኬንያ የኮንትራት መምህራንን የመቅጠር ሙከራ ተደርጎ ነበር። በመንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት በተመራባቸው ት/ቤቶች የልጆቹ ውጤት ከፍ አለ። ያንኑ አሠራር መንግሥት በራሱ መዋቅር ሲያስኬደው ለውጡ አልታየም። ስለዚህ «ዘዴው ይሠራል ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በማን እጅ? መኪናውና አማካሪው ከሄዱ በኋላስ?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ኤች ዲ ፒን የማነሳው ለዚህ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ሲሄዱ የእኛው ሰዎች ተረክበው አስኬዱት። ለምን እሱ ቀጠለ፣ ሌላው ለምን ቀረ? ይህ የማስተርስ መመረቂያ ርዕስ ሳይሆን የአገር ጥያቄ ነው።

ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ይህ የከበበን ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ ለብዙ እናቶች የዕለት እንጀራ ሆኗል። ውሃ መጠጣቱና ሥሩ ሌላ አለማስጠጋቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። ዛሬ ከዚሁ ሰንሰለት ላይ ዩኒቨርሲቲያችን ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ባቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀሉን ዛፍ መልሰን እየተከልን ነው። ይህን ለማድረግ የቻልነው አፈሩን የሚመረምር፣ ዓመት ጠብቆ የሚለካ የራሳችን ሰው ስለነበረን ነው። ለዛፍ ያደረግነውን ለሕፃናቱ ማድረግ ያቅተናል?

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኑ ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ እንመለስ። የተዘጋ ፕሮጀክት በአምስተኛው ዓመት ይጎብኝ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ያንኑ ት/ቤት፣ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአውቶቡስ ዋጋና የአማካሪ መምህር ቁርጠኝነት ይበቃል። እኛ ምሩቃን የአውቶቡሱን እንቻል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን እናድን። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ የዩኤስኤአይዲ ድረ ገጽ ሲጠፋ ስለ ልጆቻችን የተሰበሰበ መረጃ እንዴት በሌላ ሰው እጅ እንደነበረ ገባን። በየቤታችን፣ በየአሮጌ ኮምፒውተራችን ያለውን መጠይቅ፣ ሪፖርትና ማሠልጠኛ ሰነድ ለኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት እንስጥ። ጡረታ የወጣን ሰዎች በተለይ! ልጆቻችን ከመጣላቸው በፊት።

ሦስተኛ፣ መለኪያው ወደ መምህሩ እጅ ይግባ። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ «አንብብልኝ» ይላሉ። የእኛ የመምህርነት ዕጩዎችም ለተግባር ልምምድ ሲወጡ የመጀመሪያውን ሳምንት በዚህ ይጀምሩ፤ ውጤቱንም ለዚያው መምህርና ለወላጅ ይንገሩ።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ወርቁን አንናቅ፤ ሲሰጡን አመስግነን እንቀበል። የሰጠን ሰው ግን ልጃችን ማንበብ መቻሏን አለመቻሏን ጭምር ሊነግረን አይገባም። ያንን ሄደን፣ አጠገቧ ቁጭ ብለን፣ ራሳችን እንስማ።