ብዙ ሠራተኞች በአንድ ማኖሪያ ሲሠሩ ቁልፉ የት ይደረግ?



በዛሬው በዓል እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጥበብ ጥቂት ቃል ልንናገር ተነሥተናል።

ኢሙሌተር ማለት ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፈውን ፕሮግራም በሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ የሚያሠራ አስመሳይ ፕሮግራም ነው። ከነዚህም አንዱ ፋብሪስ ቤላርድ የተባለው ፈረንሳዊ የጀመረው ኪው-ኢሙ ነው። ኪው-ኢሙ እንግዳውን ትእዛዝ በየቁራጩ እየተረጐመ በማኖሪያ ያስቀምጠዋል፤ ያው ቁራጭ ዳግመኛ ሲፈለግ ካኖረበት ያነሣዋል እንጂ እንደገና በመተርጐም አይደክምም።

ችግሩ የሚመጣው ብዙ ትሬዶች፣ ይኸውም በአንድ ጊዜ የሚሮጡ የሥራ መስመሮች፣ ይህንኑ ማኖሪያ ሲካፈሉ ነው። አንዱ እየጻፈ ሳለ ሌላው ቢያነብ ገና ያላለቀ ትእዛዝ ሊያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ከዚያም የከፋው፣ ሳይወድቅ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉን የያዘው ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል።

ነገር ግን ለማኖሪያው ሁሉ አንድ ቁልፍ ብቻ ቢደረግ፣ ሠራተኛው ቢበዛም ሥራው አይፈጥንም፤ ሁሉም በር ላይ ተሰልፎ ይቆማል። ኪው-ኢሙ ሙሉ ኮምፒዩተር ሲያስመስል፣ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ፕሮሰሰሮቹን በአንድ ትሬድ በየተራ ያሠራ ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው 2.9ኛው ዕትም ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ትሬድ ተሰጠው፤ ለትርጉሙ ሥራ ግን ገና አንድ የጋራ ቁልፍ ነበረ። እሱም በ2018 ተወገደ።

በምን ተተካ? አንደኛ፣ የተተረጐመ ቁራጭ የሚፈልግ ሁሉ ያለ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ተርጓሚው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ በሰንጠረዡ ያስመዘግባልና። ሁለተኛ፣ ለየትሬዱ ከማኖሪያው የራሱ ክፍል ስለ ተመደበለት ሲጽፍ ከጎረቤቱ ጋር አይጋፋም። ሦስተኛ፣ ታላቁ ቁልፍ ቀርቶ ለእያንዳንዱ የማኅደረ ትውስታ ገጽ ትንሽ ቁልፍ ተደረገለት። ማኖሪያው ሞልቶ ሁሉ በሚጣልበት ጊዜ ግን ትሬዶቹ በሙሉ እንዲቆሙ ይደረጋል፤ ሠራተኛ የሚሠራበትን ኮድ ከእጁ መንጠቅ አይገባምና።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ እንዳይተበተብ ሥርዓት ያሻዋል። ሥርዓትም ሁሉን መቆለፍ አይደለም፤ የሚለወጠውን ብቻ፣ በጠባብ ስፍራና ለአጭር ጊዜ መቆለፍ ነው። ከዚህ የተማርነው ይህን ነው።