ኒው ዲል እና ቀዩ ካርታ

ርዕሳችን ኒው ዲል፣ የሲቪል መብቶች ትግልና ግሬት ሶሳይቲ ናቸው። እኔ ለዓመታት ስመረምር የኖርኩት የቤት ብድርን ታሪክ ስለሆነ በዚያ በኩል ልግባ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በፊት አሜሪካዊው ቤት የሚገዛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚያበቃ ብድር ነበር። ዋናው ዕዳ መጨረሻ ላይ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ባንኩ ካላደሰለት ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል። በ1933 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ኒው ዲል በተባለው መርሐ ግብሩ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ አንድ ሚሊዮን ያህል ዕዳዎችን በ15 ዓመት በሚከፈል ብድር ተካ። ስንት ቤተሰብ ከጎዳና እንደተረፈ አስቡት! ይህን ውለታ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ይኸው ተቋም ከ1935 ጀምሮ ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር የብድር ስጋት ደረጃ አወጣላቸው። ምርጡ ሰፈር አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ እያሽቆለቆለ ነው የተባለው ቢጫ፣ «አደገኛ» የተባለው ቀይ ተቀባ። ከካርታው ጋር የሚሞላውን ቅጽ ልብ በሉልኝ። የቤቶቹ ዕድሜና የጥገናቸው ሁኔታ ይጠየቃል። የነዋሪው ሥራና ገቢ፣ የውጭ ተወላጁ ብዛት በመቶኛ፣ ጥቁር መኖር አለመኖሩም እንዲሁ። ከዚያ «ሰርጎ እየገባ ያለው» ማን እንደሆነ የሚጻፍባት ክፍት ቦታ አለች። ጎረቤት ሆኖ መኖር በመንግሥት ወረቀት ላይ እንደ ወረራ ተቆጠረ።

በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ታሪኩን አጥርተውታል። ኮርፖሬሽኑ አብዛኛውን ብድር የሰጠው ካርታዎቹ ሳይሠሩ ነው፤ ቀይ በተቀቡት ሰፈሮችም አበድሯል። በጥቁሮች ላይ በሩን አጥብቆ የዘጋው በ1934 የተቋቋመው፣ ለባንኮች የቤት ብድር ዋስ የሚሆነው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ነው። መመሪያው ዘር የተቀላቀለበትን ሰፈር እንደ ኪሳራ ይቆጥር ነበር።

ዲትሮይት ላይ የሆነውን ላጫውታችሁ። በ1941 አንድ አልሚ ከጥቁሮች ሰፈር አጠገብ ለነጮች ቤት ሊሠራ ተነሣ፤ ሰፈሩ ቅርብ ነው ተብሎ ዋስትና ተከለከለ። በሁለቱ መካከል 6 ጫማ ከፍታ ያለው፣ ግማሽ ማይል የሚረዝም ግንብ አስገነባ፤ ዋስትናው ተፈቀደለት። ግንቡ ዛሬም አለ፤ ከፊሉ በሥዕል ተውቧል። ዋስትና ያገኘው አባት ቤቱን ለልጁ አወረሰ፤ የተከለከለው ያወረሰው የኪራይ ደረሰኝ ነው። የዛሬው የሀብት ልዩነት አንዱ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ሰዓቱ ስለገፋ የቀሩትን በአጭሩ ልበል። የሲቪል መብቶች ትግል በ1964 መድልዎን፣ በ1965 የድምፅ መስጠት እገዳን በሕግ አሸነፈ። የመኖሪያ ቤት መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ግን የተፈረመው በሚያዝያ 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ ነው። የፕሬዚዳንት ጆንሰን መርሐ ግብር የሆነው ግሬት ሶሳይቲ ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የተባሉትን የጤና መድኖች ሰጠ። በ1965ም በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን የኢሚግሬሽን ኮታ አስቀረ። የ1980ው የስደተኞች ሕግና በ1990 የተደነገገው የቪዛ ዕጣ፣ ዲቪ፣ ለወገኖቻችን በሩን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ የመንግሥትን መርሐ ግብር በስሙና በንግግሩ ብቻ አትመዝኑ። ማን ዋስ እንደሆነ፣ ማን እንደተዋሰ፣ ቅጹ ምን እንደጠየቀ መርምሩ። ካርታዎቹን የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት በነፃ አቅርቧቸዋል፤ ገብታችሁ አንብቡ።