ቴክኖሎጂው መጣ፤ ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

(በአንድ የወጣቶች ውይይት ላይ ከቀረበ ንግግር ለጋዜጣ እንዲመች አጥሮ የቀረበ)



ዛሬ «ዲጂታል» የምትለዋን ቃል ሳይጠራ ንግግሩን የሚጨርስ ባለሥልጣን ማግኘት ይከብዳል። መልካም! እኔም ቴክኖሎጂ አልጠላም። ግን ማንን ጠቀመ፣ ማንንስ ጎዳ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እስቲ ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳፋሪኮም «ኤም-ፔሳ»ን ጀመረ። የባንክ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ፣ የጉሊት ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ ሁሉ በተራ የእጅ ስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል ቻለ። ቅርንጫፍ መክፈት ሳያስፈልግ የሰፈሩ ኪዮስክ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ ሆነ። የባንኮችን ሥራ የለወጠው ሌላ ባንክ አይደለም፤ የስልክ ኩባንያ ነው። ባንኮቹም ወደዱም ጠሉም ተከተሉ።

እኛስ? ቴሌብር የመጣው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከኬንያ 14 ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በዚያው ወር በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ ግን በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስን አይጨምርም ነበር። ኤም-ፔሳ እዚህ አገር ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቁጠሩት! የመንግሥቱ ድርጅት ስልኩንም ገንዘቡንም ይዞ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ተፎካካሪ ቴሌኮም ሮጠ። ዳኛውና ተጫዋቹ አንድ ቤት ሲያድሩ ይሄ ጨዋታ ምን ይባላል?

ምን ይሄ ብቻ! ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ሾፌር ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ከፍሎ ነው ተባለ። ጥሬ ገንዘብ ኪሱ ሞልቶ ኔትወርክ ከሌለ ይቆማል።

ነገሩ የሚከፋው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ። በትግራይ ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ስልኩም ባንኩም በአብዛኛው ተዘግቶ፣ ሰው ደመወዙ ባንክ ተቀምጦ ተራበ። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ድሮ መንገድ ቢዘጋ በፍራሽ ሥር የተቀመጠች ብር ዳቦ ትገዛ ነበር። ዛሬ ገንዘቡ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይታሰራል!

ታዲያ ወደ ኋላ እንመለስ ነው የምለው? በጭራሽ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ፣ መስመር የሚዘጋው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይሁን፤ ምክንያቱና የሚቆይበት ጊዜም ለሕዝብ ይነገር። ሁለት፣ በመዘጋቱ ለከሰረ ነጋዴ ካሣ የሚያስከፍል ሕግ ይውጣ። ሦስት፣ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚፈልግ ዜጋ አይከልከል።

እነዚህ ሳይኖሩ የሚመጣ ዲጂታል ኢኮኖሚ ሱቁን የእኛ፣ ቁልፉን የሌላ ሰው ያደርገዋል።