አረቄውና የሽፈራው ፍሬ

እሷ፦ የደብረ ብርሃን አረቄ በለገጣፎ አድርጎ አያት ሲደርስ ለሚ ኩራ ገባ ማለት ነው። ሽታውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከማውጫው የመዳብ ቱቦና ከእርሳስ ብየዳው ሊሟሟ የሚችለውን ግን ምላስ አይለየውም።

እሱ፦ ለመለኪያ መሣሪያም ያስቸግራል፤ በጣም ጥቂት ነዋ! የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የእርሳስ ጣሪያ እንኳ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። መጀመሪያ መጠራቀም አለበት።

እሷ፦ በምን?

እሱ፦ በሽፈራው ፍሬ! ዱቄቱ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይታጨቅና አረቄው ቀስ እያለ ያልፍበታል፤ መዳቡም እርሳሱም ዱቄቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ በጥቂት አሲድ ይታጠባል። ከግማሽ ሊትር የተለቀመው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲገባ እስከ 100 እጥፍ ይጎላል፤ ያኔ መሣሪያው ያነበዋል።

እሷ፦ ብራዚል ካሻሳ ለሚባለው አረቄዋ የመዳብ ጣሪያ በሊትር 5 ሚሊግራም ብላለች። አረቄ አውጪ እናቶቻችንም ቱቧቸው ምን እንደሚለቅ ማወቅ አለባቸው፤ ምርመራው ደጃቸው ይድረስ።