የዐውደ ዓመት ካርድን ፖስታ በቤት ስለ መሥራት
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ነሐሴ ተገባድዶ ጳጉሜን ስትቃረብ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የተለመደ ነገር ይደረጋል። ወላጆቹ በአገር ቤት የሚኖሩለት ሠራተኛ፣ ልጁ የሣለችውን የአደይ አበባ ሥዕል ወይም ከመደብር የገዛውን የመልካም ምኞት ካርድ ከቦርሳው ያወጣል፤ ግራና ቀኙን ቃኘት አድርጎም ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ካኪ ፖስታ ይመዛል። በፖስታው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስምና ዓርማ በጉልህ ታትሞበታል። ካርዱን ይከትበታል፣ ያሽገዋል፣ ወደ አገር ለሚወርድ መንገደኛም ይሰጠዋል። የመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳይ ሲውል ምን እንደሚባል ሁላችንም ስለምናውቅ በዚያ ላይ ጊዜ አልፈጅም። እኔ ዛሬ ላወሳ የምሻው በተቀባዩ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ነው።

በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ባልደረባዬ የትውልድ ቀየው ከመራዊ ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ የሚያስኬድ የሜጫ ገጠር ነው። የእጅ ስልክ ወደዚያ ቀየ ገና ሳይደርስ፣ ለ1995 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ለእናቱ የእንኳን አደረሰዎ ካርድ በካኪ ፖስታ አድርጎ ላከ። መንገደኛው እናቲቱን ከቤት ቢያጣቸው ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። እናቲቱ ፊደል አልቆጠሩም። ይሁን እንጂ ካኪ ፖስታን ያውቁታል፤ ከዚያ ቀደም አንድ ጊዜ እደጃቸው ደርሶ ነበርና። ያን ጊዜ የመጣው ስለ እርሻ ድንበር ክርክር የተጻፈ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። ስለዚህ ፖስታውን ሳይከፍቱ ከአጎዛው ሥር ሸሸጉት። ለማንም ሳይናገሩ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጡ፤ ዐውደ ዓመቱም በጭንቀት ዋለ። በአራተኛው ቀን ወደ መራዊ ሄደው ከፍርድ ቤቱ አጥር አጠገብ ለሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ አሳዩት። ጸሐፊውም ቀድዶ ካነበበ በኋላ፣ «እናቴ፣ ልጅዎ እኮ እንኳን አደረሰዎ ነው የሚለው» ቢላቸው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ለእንኳን አደረሰዎ እንዲህ ያለ ወረቀት ይላካል?» አሉት ይባላል።

እኛ ቀኑን ሙሉ ከወረቀት ጋር የምንውል ሰዎች የካኪውን ፖስታ መልክ ከቶ አናየውም። ገቢና ወጪ ነው፤ ተመዝግቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ባላገሩ ግን የመንግሥትን ወረቀት የሚያገኘው በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በዚያም ጊዜ ወይ ግብር ነው፣ ወይ መሬት ነው፣ ወይ ክስ ነው። የውስጡን ጽሑፍ ሌላ ሰው እስኪያነብለት ድረስ እርሱ ራሱ የሚያነበው የውጩን መልክ ብቻ ነው። ይህ አነባበብ በአገራችን እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ነገሥታት በደብዳቤያቸው ላይ ማኅተማቸውን የሚያሳርፉት ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ነበር፤ ፊደል የማያውቀውም ሰው ቢሆን ገና ሲዘረጋ የማን ቃል እንደ መጣ ከማኅተሙ ያይ ነበር።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዘዙ፤ የመጀመሪያዎቹም ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በዓለም የፖስታ ኅብረት አባልነት ገባች። ቋንቋችን አገልግሎቱንም ማሸጊያውንም በአንድ ስም «ፖስታ» ብሎ መጥራቱ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ፖስታ የምንለው ነገር በፖስታ ቤት በኩል አልፎ አያውቅም። የፖስታ ሳጥን ቁጥር የከተማ ነገር ነው። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ከተማ ወጥቶ እስከ ገበሬው ደጅ ያለውን መንገድ የሚጨርሰው የሰው እጅ ነው።

በእርግጥ ዛሬ እንኳን አደረሳችሁ የሚባለው በእጅ ስልክ ነው። መልካም ነው፤ ድምፅን የመሰለ የለም። ነገር ግን ሕፃን ልጅ በገዛ እጇ ያቀለመችውን አበባ አያቷ ከምሰሶው ላይ ሊለጥፉት የሚችሉት ወረቀቱ ሲደርሳቸው ነው። ለዚህ ሥዕል የሚሆን ፖስታ ከሱቅ ሲገዛ ወይ ይጠብባል፣ ወይ ይሰፋል። የዳዊት ማኅደር የሚሰፋ ሰው አስቀድሞ መጽሐፉን ይለካል፣ ከዚያ በኋላ ቆዳውን ይቆርጣል፤ እኛም እንደዚሁ እናድርግ።

ለወረቀቱ መጨነቅ አያስፈልግም። (ከመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ መኪና ላይ ይነሣ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።) እንቁጣጣሽ ሲመጣ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ዘመኑ ያለፈበት ካላንደር ይኖራል። ተማሪዎች ደብተራቸውን የሚለብዱበት ይህ ወረቀት ጠንካራ ነው፤ ጀርባው ያልታተመበት ከሆነ ንጹሑን ገጽ ወደ ውጭ ማድረግ ነው። የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ግን ተዉት፤ መቀስ ሊገባበት አይገባም፤ አያቲቱም ቢያዩት አይወዱም።

ኤ ፎር የሚባለው ወረቀት ግማሹ ለሁለት ታጥፎ ካርድ ሲሆን፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ወርዱም 10 ሳንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ለዚህ ልክ አራቱም ጎኑ 21 ሳንቲሜትር የሆነ ወረቀት ይበቃዋል። ይህንኑ ወረቀት አንዱ ማዕዘን ወደ ደረታችሁ እንዲያመለክት አዙራችሁ አንጥፉት፤ ካርዱንም መካከሉ ላይ አጋድሙት። በመጀመሪያ የግራውንና የቀኙን ማዕዘን፣ ቀጥሎም የታችኛውን በካርዱ ላይ እጠፉ። በዙሪያው የስንዴ ፍሬ ውፍረት የምታህል ክፍተት ተዉለት፤ አጥብቆ የታጠፈ እንደሆነ ካርዱ ሲገባ ጠርዙ ይተረተራል። ከዚያ ካርዱን አውጥታችሁ የታችኛውን ክንፍ በግራና በቀኙ ላይ ለጥፉ። ሙጫው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይቀባ። መካከሉን የቀባ ሰው ፖስታው ከሆዱ ጋር ይጣበቅበታል፤ ሁለቱ ክንፎች ሳይገናኙ የሚቀሩበት ጣት የምታህል ክፍት ቦታ አለችና።

ለሙጫውም ቢሆን ወጥ ቤት ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ የቡና ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል አድርጎ በጥብጦ፣ በለሰለሰ እሳት ላይ እስኪወፍርና እስኪያብለጨልጭ ማማሰል ነው። ሲበርድ ስስ አድርጎ መቀባት ያሻል፤ የነሐሴ አየር እርጥብ ስለሆነ የወፈረ ሙጫ ቶሎ አይደርቅም፣ ወረቀቱንም ያኮማትራል። ፖስታው ከከባድ መጽሐፍ ሥር ይደር። በብዛት ሠርቶ ማከማቸት ግን ደግ አይደለም፤ ዱቄት ነውና አይጥና በረሮ ይሻሙበታል።

የላይኛውን ክንፍ አትለጥፉት። ወደ ውስጥ ብቻ ሸጉጡት፤ ሳይቀደድ ይከፈታል፣ ማንም ቢከፍተው ምሥጢር የለበትም።

በውጩ ላይ እንደ አባቶቻችን ልማድ «ይድረስ ለ» ብላችሁ የተቀባዩን ስም ከነአባታቸው፣ ቀበሌውን፣ ጎጡንና ደብሩን ጻፉ። ከሁሉ በላይ ግን ልጂቱ አንዲት ቢጫ አደይ አበባ በዚያው በውጩ ገጽ ላይ ትሣል። ብዙዎቻችን ሥዕሉን በውስጥ ሸሽገን ባዶውን ፊት እናሳያለን። የውኃ ቀለም በመንገድ ዝናብ ስለሚፈስ በከለር እርሳስ ብትሥለው ይሻላል፤ መንገደኛውም ፖስታውን በፌስታል ጠቅልሎ ይያዘው። ሲቀበላችሁም «የእንቁጣጣሽ አበባ ነው» ብላችሁ በአፋችሁ ንገሩት፤ ባለቤቲቱን ከቤት ባያገኛቸው፣ ለጎረቤት ሲሰጥ ይህንኑ ይናገር ዘንድ።