በሶፊ ስለ ተደረገልን አቀባበል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመጪው ክረምት ወደ ገጠር ለበጎ ፈቃድ ሥራ ለመሄድ ስማችሁን ያስመዘገባችሁ ብዙ ናችሁ። ስለ አካፋና ስለ ስንቅ በሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ ዛሬ የተነሣሁት ስለ መጀመሪያው ቀን፣ ስለ አቀባበሉ ልናገር ነው። ከመካከላችን «አቀባበል ጊዜ ያባክናል፤ ድኻውንም ገበሬ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ይቅር» የሚሉ አሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም።

ሶፊ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። ባለፈው ክረምት ምንጭ ለመጥረግ እዚያ በሄድን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው «በገ ነጋን ዹፍተን» አሉን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ ማለት ነው። ባገሩ ልማድ እጅ ለእጅ ተያይዞ አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል። ሽበታም ሰው ጐንበስ ብሎ የተማሪን እጅ ሲስም ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ሆነብን።

ቀጥሎ ቡና መጣ። በሐረርጌ ገጠር ፍሬው ለገበያ ይሄዳል፤ በቤት ብዙ ጊዜ የሚጠጣው ቅጠሉ ወይም ገለባው ነው። ቅጠሉ ደርቆና ተቆልቶ ሲፈላ ቁጢ ይሉታል፤ በወተት የሚፈላው ሆጃ ይባላል። ለእኛ የተቀዳልን ግን ፍሬው ነበር። ጓደኞቼ እንደ ሻይ ቤት ቡና ጨልጠው ስኒውን ሲመልሱ፣ እኔ የቤቱን እመቤት እጅ እመለከት ነበር።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» አልን። ወዲያው ጥያቄ አመጡ፤ «ስንት ቀን ትቈያላችሁ? ምንጩ ተመልሶ ቢደፈን ማንን እንጥራ?» በማመልከቻችን ላይ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም! እዚያው በተቀመጥንበት፣ ሁለት የመንደሩ ሰዎች ሥራውን ከእኛ ጋር እንዲማሩ፣ ከእኛም አንዱ በጥቅምት ተመልሶ እንዲያይ ተስማማን። አካፋው ከመኪናው የወረደው ከዚህ በኋላ ነው።

በጀጎል ግንብ ውስጥም እንግዳ ሥርዐት አለው። በነባሩ የሐረሪ ቤት ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕርጉ ይቀመጥባቸዋል። እንግዳ ቦታው እስኪነገረው ይጠብቃል፤ ዲግሪ ነደባ አያስመርጥም።

በአገራችን ተማሪ ወደ ገጠር ሲወጣ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሕዝቡን ልማድ ለመሻር በመቸኰላቸው ተጣሉ። አንድ ዓመት የሚቈይ አስተማሪ ቀስ ብሎ ይታወቃል፤ ሁለት ሳምንት ለምንቈየው ለእኛ ግን የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው።

ስለ ወጪው የተባለው እውነት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አስቀድመው ሄደው ከብት እንዳይታረድ ይለምኑ። ቡናና ስኳር ይዘን ለእመቤቲቱ በእጃችን እንስጥ፤ ስኒ ሲዘረጋልን ግን «በቃን» አንበል። ሰላምታውንም ከአሁኑ እንማር፤ ኦሮምኛ የምትችሉ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ብትቈዩልን ከዛሬ ማታ እንጀምራለን።