በኢም ደብር የጸለይሁት ጸሎት
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)



የበዓሉ አዘጋጆች በዚህ ቀን ጥቂት ነገር እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ፥ የደብራችንን ታሪክ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ አባቶች በፊቴ ተቀምጠው ሳሉ እኔ ስለ እርሱ መናገር ድፍረት መስሎ ታየኝ። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ሄጄ የጸለይሁበትን አንድ የገጠር ደብር ልነግራችሁ ወደድሁ። ዓመቱን ሁሉ የምቈጥረው በእነርሱ አቈጣጠር ነው።

ደብሩ ያለበት መንደር ኢም ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር መካከል ደርቢሻየር በሚባለው አውራጃ፥ በኰረብታዎች መካከል ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ በሮም ከተማ በ258 ዓመት በሰማዕትነት ባረፈው በዲያቆኑ በላውሬንቲዮስ ስም የተሰየመ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ከ8ኛው መቶ ዓመት የተረፈ የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ ግንዱ ጥቂት ጐድሎታል፤ ቅርጹ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። መስቀሉን ተሳልሜ ወደ ደጃፉ በደረስሁ ጊዜ እንደ አገሬ ልማድ ጫማዬን ላወልቅ ጐንበስ ብል፥ በሩ አጠገብ የነበሩ አንዲት ባልቴት ወለሉ ብርድ ነውና ተው አሉኝ። አመስግኜ፥ በባዶ እግሬ ገባሁ። እውነትም ብርድ ነበረ።

ውስጡ መጋረጃም ቅኔ ማሕሌትም የለውም፤ ሕዝቡ የሚቀመጥበት የእንጨት ወንበር በተራ ተደርድሯል። በግድግዳው ላይ የዐሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤል ምልክት ተሥሏል። በ1985 የተሠራ አንድ የመስተዋት መስኮትም አለ፤ አሁን የምነግራችሁን ታሪክ በሥዕል ያሳያል።

በ1665 በበጋው መጨረሻ፥ በለንደን ታላቅ ቸነፈር ሆኖ ሳለ፥ ከዚያ ከተማ ወደ ኢም ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የጨርቅ እስር መጣ። ሠራተኛው ጆርጅ ቪካርስ ፈትቶ ጨርቁ ርሶ ቢያገኘው በእሳት ፊት ዘረጋው ይላሉ። ጥቂት ቀን ታሞ በመስከረም 7 ቀን ሞተ። ከእርሱም በኋላ የጐረቤት ልጆች፥ ከዚያም የጐረቤት ጐረቤት እያለ በሽታው ሄደ። በክረምቱ ብርድ ጊዜ ጋብ አለ፤ በ1666 በሰኔ ግን ተመልሶ በረታ።

በዚያ ጊዜ በመንደሩ ሁለት ካህናት ነበሩ፤ የነገሩም ሥር በእኔ አስተያየት ይህ ነው። አንደኛው ቄስ ዊልያም ሞምፔሰን ናቸው፤ ገና ወጣት፥ ለሕዝቡም እንግዳ ነበሩ። ሁለተኛው ቄስ ቶማስ ስታንሊ ናቸው፤ አስቀድሞ የደብሩ አገልጋይ የነበሩ፥ በ1662 መንግሥት ባዘዘው በአንዱ መጽሐፈ ጸሎት ብቻ አንቀድስም ካሉት ወገን በመሆናቸው ከሹመታቸው የተሻሩ ናቸው። ሕዝቡ ግን ልቡ ከተሻሩት ጋራ ነበረ። በሃይማኖት ነገር በተጣሉ በሁለት ወገኖች መካከል፥ አንዱ የሌላውን መንበር ይዞ፥ በአንዲት ጠባብ መንደር መኖር እንዴት እንደሚያስቸግር እናንተ ካህናት ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሞምፔሰን ግን ቃላቸው ብቻውን እንደማይሰማ ተረድተው ከስታንሊ ጋራ መከሩ፤ ስታንሊም ቂም ሳይዙ አብረዋቸው ቆሙ። ሁለቱም ሆነው ለሕዝቡ ተናገሩ።

የተናገሩትም ይህ ነበረ። ማንም ከመንደሩ እንዳይወጣ፤ በሽታውን ወደ ጐረቤት አገር እንዳይወስድ። ሙታንን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በቤቱ አጠገብ፥ በአትክልቱም ሆነ በእርሻው ይቅበር እንጂ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያምጣ። ቤተ ክርስቲያኑም ይዘጋ፤ ጸሎቱ ከክሌት ዴልፍ በሚባለው ሸለቆ በሜዳ ይሁን፥ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ርቆ ይቁም። በአቅራቢያው በቻትስዎርዝ የሚቀመጡት የዴቮንሻየር ኧርል ስንቅ ይልኩላቸው ነበር፤ የጐረቤት መንደር ሰዎችም እህል አምጥተው በወሰኑ ላይ እያኖሩ ይመለሱ ነበር። የኢም ሰዎች ዋጋውን በኮምጣጤ ውስጥ ነክረው በድንጋይ ጕድጓድ ውስጥ ያኖሩታል።

ሀብት የነበራቸው ጥቂቶች አስቀድመው ሄደው ነበር። ይህን መሰወር አይገባኝም፤ የቀሩት ሁሉ ወደው ቀሩ ማለትም አልችልም፤ ብዙዎቹ መሄጃ የሌላቸው ድኾች ነበሩና። ነገር ግን ቀሩ።

ከመንደሩ ጥቂት ወጣ ብሎ በተዳፋት መስክ ላይ የራይሊ መቃብሮች የሚባሉ አሉ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት በነሐሴ 1666 በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በዚያ ቀበረች። የሚረዳት ሰው ስላልነበረ መቃብሩን የቈፈረችው፥ ሬሳውንም ጐትታ ያወረደችው እርስዋ ናት። ዛሬ ዙሪያውን በክብ የድንጋይ ካብ ታጥሯል፤ በጎችም ከካቡ ውጭ ይግጣሉ። በዚያ ብዙ ቈየሁ።

የቄስ ሞምፔሰን ባለቤት ካተሪን፥ ሁለቱ ልጆቻቸው ወደ ሌላ አገር ሲላኩ፥ ባሌን ትቼ አልሄድም ብላ ቀረች። አንድ ማታ ከባልዋ ጋራ ስትመላለስ አየሩ እንዴት ደስ ይላል፥ ይሸታል አለችው ይባላል፤ በዚያ ዘመን ጣፋጭ ሽታ የሚሸተው ሰው በቸነፈሩ እንደ ተያዘ ይታመን ነበርና ባልዋ ደነገጡ። በነሐሴ 25 ቀን ዐረፈች። መቃብርዋ በቅጥሩ ውስጥ ነው። ቄሱ በዚያው ሰሞን ለልጆቻቸው እናታችሁ ዐረፈች ብለው የጻፉት ደብዳቤ ተጠብቋል።

በሽታው በኅዳር 1666 መጀመሪያ ቆመ። የሞቱት ቍጥር 260 ያህል ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎች የመንደሩ ሰው 350 ብቻ ነበረ ብለው ነበር፤ በኋላ የግብሩን መዝገብ የመረመሩ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጥ እንደ ነበረ አሳይተዋል። የበሽታውም ተሐዋሲ የታወቀው በ1894 ነው፤ ከአይጥ ወደ ሰው በቁንጫ እንደሚተላለፍ የተረዳውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መንደሩን መዝጋታቸው በውስጥ የሚሞተውን አብዝቶት እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ቄስ ሞምፔሰን ኋላ ወደ ኢክሪንግ ደብር ሲዛወሩ፥ ሕዝቡ ስለ ፈራቸው በመጀመሪያ በዛፍ ሥር እንዲሰብኩ ሆነ። ቄስ ስታንሊ በ1670 በዚያው በኢም ዐረፉ።

እንግዲህ ስለ ጸሎቴ። በወንበር ተቀምጬ እንደ ልማዴ አቤቱ ቤቴን ከክፉ በሽታ ጠብቅልኝ ብዬ ጀመርሁ፤ ነገር ግን እዚያ ቦታ ላይ ይህ ቃል በአፌ ደረቀ። ልጄን ይዤ በሌሊት እሸሽ ነበርን? ከተጣላሁት ሰው ጋራ ታርቄ በአንድ ላይ እቆም ነበርን? መልሱን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔም ጥቂት ጠርጥሬዋለሁ። ከዚህ በኋላ ለራሴ መለመኑን ትቼ የሃንኮክን ልጆች ስም እየጠራሁ ነፍስ ይማር አልሁ፤ ዮሐንስ፥ ኤልሳቤጥ፥ ዊልያም፥ አሊስ፥ አና፥ ኦነር። ለሙታን መጸለይ በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ልማድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቄስ ስታንሊ ቢሰሙኝ ባልወደዱልኝም ነበር። ባልቴቲቱ ግን ከበሩ ሆነው ዝም ብለው ይሰሙ ነበር፤ ስወጣም ጫማዬን አቀረቡልኝ።

በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ እሑድ ሕዝቡ በሰልፍ ወደ ከክሌት ዴልፍ ወርዶ ይጸልያል። እኔ የሄድሁበት ቀን እርሱ አልነበረም። ወደ ማታ ብቻዬን በመስኩ መካከል እስከ ወሰኑ ድንጋይ ድረስ ሄድሁ። በድንጋዩ ላይ ገንዘቡ ይቀመጥባቸው የነበሩ ስድስት ጕድጓዶች አሉ። ጣቴን በአንዱ አገባሁ፤ የዝናም ውኃ ሞልቶበት ነበር።